ሰውነት ራሱን ሲወጋ እንቅልፍም ይታመማል

በዚህ እትም የምንነጋገረው ሁላችንም ስለምናውቀው፣ ግን እንደ በሽታ ቆጥረን ሐኪም ፊት ስለማናቀርበው ነገር ነው። እሱም እንቅልፍ ነው። እዚህ ሐርጌሳ በስደት ላይ ያለን ሰዎች ስለ እንቅልፍ ስንጠየቅ መልሳችን አንድ ዓይነት ነው። «ስደተኛ ምን እንቅልፍ አለው!» እንላለን። እውነት ነው፣ የቤት ኪራይ፣ የወረቀት ጉዳይ፣ አገር ቤት የቀረ ዘመድ፣ ይህ ሁሉ እንቅልፍ ይነሳል። ነገር ግን እንቅልፍን የሚያውከው ሐሳብ ብቻ አይደለም። አንዳንዴ ችግሩ ያለው እንቅልፍን በሚያዘው አንጎልና በነርቭ ላይ ነው። ያኔ ምክርም፣ ትዕግሥትም፣ ከፋርማሲ የተገዛ የእንቅልፍ ክኒንም መፍትሔ አይሆንም። ይባስ ብሎ ክኒኑ ሰው ሊገድል ይችላል።

ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው የሰውነት የመከላከያ ኃይል ተሳስቶ የራሱን አንጎልና ነርቭ ስለሚያጠቃባቸው በሽታዎችና እነሱ በእንቅልፍ ላይ ስለሚያደርሱት ጉዳት ነው። እኔ መምህር እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ስለዚህ ዓላማዬ መድኃኒት ማዘዝ ሳይሆን፣ በየቤታችንና በየክፍላችን «ሰነፍ ነው»፣ «ጂን ነክቶት ነው»፣ «ዛር አለባት» ተብለው የሚቀሩ ሰዎች ወደ ሐኪም የሚደርሱበትን መንገድ ማሳየት ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ዘበኛው ቤተሰቡን ሲመታ

እንደሚታወቀው ሰውነታችን ከውጭ የሚገባ ተሕዋስን የሚዋጋበት ኃይል አለው። ይህ ኃይል እንደ ግቢ ዘበኛ ነው። ሌባውን ከቤተሰቡ ለይቶ ያውቃል፤ ሌባውን ይመታል፣ ቤተሰቡን ያሳልፋል። ከመሣሪያዎቹ አንዱ በደም ውስጥ የሚዘዋወረው አንቲቦዲ የሚባለው ነገር ነው። አንዳንድ ጊዜ ግን ዘበኛው ይሳሳታል። ለምሳሌ አንድ ጀርም ገብቶ ሲዋጋው፣ የጀርሙ መልክ ከሰውነታችን አንዱን ክፍል ስለሚመስል፣ ጀርሙ ከጠፋ በኋላም ያንኑ የራሱን አካል መምታት ይቀጥላል። ይህንን ዓይነት በሽታ ሐኪሞች ኦቶኢሚዩን ይሉታል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ እንበል። አንደኛ፣ እንዲህ ያለ በሽታ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። አብሮ መብላት፣ አብሮ መተኛት፣ የታመመውን ሰው ልብስ ማጠብ ምንም አያመጣም። ሁለተኛ፣ የሚመታው ክፍል የተለያየ ስለሆነ ምልክቱም ይለያያል። መገጣጠሚያን ከመታ ቁርጥማት ይሆናል። አንጎልን፣ ኅብለ ሰረሰርን ወይም ነርቭና ጡንቻ የሚገናኙበትን ቦታ ከመታ ደግሞ ዛሬ የምንነጋገርባቸው በሽታዎች ይመጣሉ።

እንቅልፍ የት ነው ያለው?

ድሮ እንቅልፍ ማለት አንጎል ሥራ ሲያቆም የሚመጣ ነገር ይመስል ነበር። ይህ እንዳልሆነ ያሳየው አንድ አሳዛኝ ወረርሽኝ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በአውሮፓ አንድ እንግዳ የአንጎል በሽታ ተነሣ። አንዳንዱ ሰው ለሳምንታት ይተኛል፤ ሲቀሰቅሱት ይነቃል፣ ተመልሶ ይተኛል። ሌላው ደግሞ በተቃራኒው ጨርሶ እንቅልፍ ያጣል። በ1917 በቪየና ከተማ ቮን ኢኮኖሞ የሚባል ሐኪም ስለ በሽታው ጻፈ፤ የሞቱትንም ሰዎች አንጎል መረመረ። ያገኘው ነገር የሚያስገርም ነበር። ብዙ ይተኙ የነበሩት ሰዎች ጉዳት ያረፈው ሃይፖታላመስ በሚባለው የአንጎል ክፍል የኋላ በኩል ነው። እንቅልፍ ያጡት ደግሞ የተጎዱት በዚያው ክፍል የፊት በኩል ነው። እንግዲህ በአንጎል ውስጥ «ንቃ» የሚልና «ተኛ» የሚል የተለያየ ቦታ አለ ማለት ነው። ያ ቦታ ሲመታ እንቅልፍ ይበላሻል። ሰውየው ስለሰነፈ ወይም ስለተጨነቀ አይደለም።

ወረርሽኙ በ1920ዎቹ መጨረሻ ላይ ጠፋ። ትክክለኛ መነሻው እስከ ዛሬ አልተረጋገጠም። በኋላ ዘመን ከተነሡት ሐሳቦች አንዱ ግን ይኸው የመከላከያ ኃይሉ ስሕተት ነው።

እየሳቀ የሚወድቅ፣ በቀን የሚያንቀላፋ

ናርኮሌፕሲ የሚባል በሽታ አለ። ስሙን ያወጣለት ጄሊኖ የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም በ1880 ነው። ሕመምተኛው ሌሊቱን ተኝቶም በቀን እንቅልፍ ይጥለዋል። እያወራ፣ እየበላ፣ እየጻፈ ሳለ ያንቀላፋል። ለአፍታ ተኝቶ ሲነሣ ትንሽ ይነቃቃል፣ ከዚያ እንደገና ይመጣበታል። ሌላው ምልክት ደግሞ የበለጠ ግራ ያጋባል። ሲስቅ ወይም በድንገት ሲደሰት ጉልበቱ ይከዳዋል፤ አገጩ ይወርዳል፤ አንዳንዱም ይወድቃል። ግን አእምሮውን አይስትም፣ የሚባለውን ሁሉ ይሰማል። ከሚጥል በሽታ የሚለየውም በዚህ ነው።

መነሻው በደንብ የታወቀው በቅርብ ጊዜ ነው። በ1998 ተመራማሪዎች ሃይፖክሬቲን ወይም ኦሬክሲን የሚባል በአንጎል ውስጥ ነቅተን እንድንቆይ የሚያደርግ ንጥረ ነገር አገኙ። በ2000 ደግሞ ናርኮሌፕሲ ያለባቸው ሰዎች ይህን የሚሠሩት ሕዋሳት እንደጠፉባቸው ታየ። ሕዋሳቱን ያጠፋቸው የራሳቸው የመከላከያ ኃይል ሳይሆን አይቀርም ተብሎ በሰፊው ይታመናል።

ስለዚህ በሽታ ሲነገር የክትባት ወሬም አብሮ ይነሣልና እውነቱን እንናገር። በ2009 የአሳማ ጉንፋን የተባለው ወረርሽኝ ሲነሣ በአውሮፓ ፓንደምሪክስ የሚባል ክትባት ተሰጠ። በ2010 ፊንላንድና ስዊድን ክትባቱን ከወሰዱ ልጆችና ወጣቶች መካከል ናርኮሌፕሲ ከወትሮው በዝቶ መታየቱን አስታወቁ። ክትባቱም ከዚያ በኋላ ቀረ። በሌላ በኩል በቻይና አብዛኞቹ ሕመምተኞች ክትባቱን ሳይወስዱ ከጉንፋኑ ወረርሽኝ በኋላ በሽታው ጨምሮ ታይቷል። ያ አንድ ክትባት ነው፣ ጊዜውም አልፏል። ለልጆቻችን የሚሰጠው የፖሊዮና የኩፍኝ ክትባት ከዚህ ጋር አይገናኝም። «ክትባት እንቅልፍ ያመጣል» ብሎ ልጅን ያለ ክትባት ማስቀረት በ2013 በሶማሊያ የተነሣውንና ወደ ኢትዮጵያ ሶማሌ ክልልም የተሻገረውን የፖሊዮ ወረርሽኝ መርሳት ነው።

ዱካክና ጫት

ከናርኮሌፕሲ ምልክቶች አንዱን ሁላችንም በስሙ እናውቀዋለን። ዱካክ ነው። ሰው ሊነቃ ሲል ወይም እንቅልፍ ሊወስደው ሲል አካሉ አልታዘዝ ይለዋል፤ ደረቱን አንድ ነገር የተጫነው ይመስለዋል፤ በክፍሉ ውስጥ ሰው የቆመ ይመስለዋል፤ መጮኽ ፈልጎ ድምፅ እምቢ ይለዋል። አንዳንዱ ዳዊት ትራሱ ሥር ያደርጋል፣ አንዳንዱ ቁርኣን ይቀራል። ጸሎት ልብን ያረጋጋልና የሚነቀፍ አይደለም። የሚሆነው ነገር ግን ይህ ነው። ሕልም በምናይበት ጊዜ ሰውነታችን ሕልሙን እንዳይከተል አንጎል ጡንቻዎችን ያስራቸዋል። አልፎ አልፎ አእምሮ ቀድሞ ይነቃና አካል እንደታሰረ ይቆያል። ዱካክ ማለት ይህ ነው። በጤነኛ ሰውም ላይ ይደርሳል፣ ብቻውን ከመጣ በሽታ አይባልም። በተደጋጋሚ ከመጣና በቀን ከሚጥል እንቅልፍ ጋር ከሆነ ግን ለሐኪም መንገር ይገባል።

ጫት የሚቅሙ ሰዎችም ዱካክን በደንብ ያውቁታል፤ በተለይ ጫቱን ያቆሙ ዕለት ሌሊት ይመጣባቸዋል። እዚህ ሐርጌሳ ከአወዳይ በየቀኑ የሚመጣው ጫት በየመንገዱ ዳር ይሸጣል። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚባለው ንጥረ ነገር አንጎልን ስለሚያነቃ ምርቃናው ሲያልፍም እንቅልፍ ይዘገያል። በነርቭ በሽታ ለሚሠቃይ ሰው ይህ እጥፍ ጉዳት ነው። የሌሊቱን እንቅልፍ ያጣና በማግሥቱ ድካሙን ለማባረር ደግሞ ይቅማል። ሐኪሙም እንቅልፉን የነሳው በሽታው ይሁን ጫቱ መለየት ይቸገራል። ስለዚህ ሐኪም ፊት ስንቀርብ መቃማችንን አንደብቅ። ሐኪም አይፈርድም።

«ጂን ነክቷታል» ከማለት በፊት

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ እንግባ። በ2007 ዳልማው የሚባል ሐኪምና ባልደረቦቹ በአንጎል ሕዋሳት ላይ ባለው ኤንኤምዲኤ በሚባለው ተቀባይ ላይ የሚነሣ አንቲቦዲ የሚያመጣውን የአንጎል ብግነት ለዓለም አስታወቁ። በብዛት የሚይዘው ወጣት ሴቶችንና ልጆችን ነው። መጀመሪያ ራስ ምታትና ትኩሳት ይኖራል፣ ጉንፋን ይመስላል። ከጥቂት ቀናት በኋላ እንቅልፍ ይጠፋል። ሌሊቱን ሙሉ መንጎራደድ፣ ያለማቋረጥ ማውራት፣ የሌለ ድምፅ መስማት፣ ሰውን መጠርጠር ይመጣል። ቀጥሎ የሚጥል በሽታ ዓይነት መንፈራገጥ፣ የአፍና የእጅ ያልታዘዘ እንቅስቃሴ፣ በመጨረሻም ዝም ማለትና አለመንቀሳቀስ ይከተላል።

ሱዛና ካሃላን የምትባል የኒውዮርክ ጋዜጠኛ በ2009 በ24 ዓመቷ በዚህ በሽታ ተይዛ ነበር። ገና ከመነሻው እንቅልፍ አጣች፤ ቤቷ ውስጥ ትኋን አለ ብላ ተጨነቀች። የአእምሮ ሕመም ነው ተባለ፤ መጠጥ ስላበዛች ነው ያለም ሐኪም ነበር። በሽታዋን ያወቀው በሶሪያ ተወልዶ ያደገ ሱሄል ናጃር የሚባል የነርቭ ሐኪም ነው። ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጥቷት «ሰዓት ሣይልኝ» አላት። እሷም ከ1 እስከ 12 ያሉትን ቁጥሮች በሙሉ በክቡ ቀኝ በኩል አጨናንቃ ጻፈቻቸው፤ ግራው ባዶ ቀረ። ሐኪሙ የአንጎሏ አንድ ወገን በብግነት ተይዟል ብሎ ተረዳ፤ ምርመራውም አረጋገጠለት። ታክማ ዳነች፣ ታሪኳንም በ2012 በመጽሐፍ አሳተመች። በ2013 የወጣ በ577 ሕመምተኞች ላይ የተደረገ ጥናትም ከታከሙት አብዛኞቹ፣ ማለትም ከመቶ 80 ያህሉ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ በደህና እንዳገገሙ አሳይቷል። ሕክምናው ቶሎ ሲጀመር ውጤቱ የተሻለ ነው።

ታዲያ ያች ልጅ እኛ ሰፈር ብትሆን ኖሮ ምን ይደርስባት ነበር? በ2015 ሂውማን ራይትስ ዎች በሶማሊላንድ የአእምሮ ሕመምተኞች በሰንሰለት እንደሚታሰሩ የሚገልጽ ዘገባ አውጥቷል። በአገራችንም እግር ከወርች ታስረው ጠበል የሚወሰዱ ሰዎችን አይተናል። ጠበሉንም ሆነ ቁርኣኑን ማንም አይከለክል። ነገር ግን ጤነኛ የነበረች ወጣት በሳምንታት ውስጥ እንቅልፍ አጥታ፣ ጠባይዋ ተለውጦ፣ በተለይም ትኩሳት ወይም መንፈራገጥ ካለባት፣ መጀመሪያ መሄድ ያለባት ሆስፒታል ነው። በወባና በማጅራት ገትርም እንዲህ ያለ መቃዠት ሊመጣ ይችላል፤ እነሱም ሰዓት አይሰጡም። ጸሎቱ ከሕክምናው ጋር ይሂድ፤ ሰንሰለቱ ግን ይቅር።

ዐይኑ የሚከደነው እንቅልፍ ስለያዘው አይደለም

ማያስቴንያ ግራቪስ የሚባለው በሽታ ነርቭ ለጡንቻ ትእዛዝ የሚያስተላልፍበትን ቦታ የሚመታ ነው። ሰውየው ጠዋት ደህና ሆኖ ይነሣና ቀኑ ሲገፋ የዐይኑ ቆብ ይወርዳል፣ አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ይታየዋል፣ ሲያኝክ አገጩ ይደክማል፣ ድምፁ በአፍንጫው ይወጣል። ሲያርፍ ይሻለዋል። የሚያየው ሰው «እንቅልፋም» ይለዋል። እሱ ግን እንቅልፍ አልያዘውም፤ ጡንቻው ነው እምቢ ያለው።

አደጋው ያለው ሌሊት ነው። በሕልም ጊዜ ሌሎች ጡንቻዎች ስለሚታሰሩ አተነፋፈሳችንን የሚሸከመው ከሳንባ በታች ያለው ድያፍራም የሚባለው ጡንቻ ብቻ ነው። እሱም በበሽታው ከደከመ ትንፋሽ ያንሳል። ምልክቱም ይህ ነው፦ በጀርባ መተኛት አለመቻል፣ ትራስ ደራርቦ መደገፍ፣ እየታፈኑ መባነን፣ ጠዋት በራስ ምታት መነሣት፣ ቀን መፍዘዝ። እንዲህ ያለው ሰው «እንቅልፍ አጣሁ» ብሎ ዲያዜፓም፣ በተለምዶ ቫሊየም የምንለውን፣ ከፋርማሲ ገዝቶ ቢውጥ ያችኑ የቀረችውን ትንፋሽ ሊያቆማት ይችላል። የእንቅልፍ ክኒን ብቻ አይደለም። ለወባ የሚሰጠው ኪኒን፣ እንደ ጄንታማይሲንና ሲፕሮፍሎክሳሲን ያሉ ፀረ ተሕዋስያንም በሽታውን ሊያባብሱት ይችላሉ። ስለዚህ ማያስቴንያ እንዳለበት የተነገረው ሰው የበሽታውን ስም በወረቀት ጽፎ ኪሱ ውስጥ ይያዝ፤ የትኛውም ሐኪም ወይም ፋርማሲ ዘንድ ሲሄድ መጀመሪያ ያሳይ።

በእግርና በፊኛ በኩል የሚመጣ እንቅልፍ ማጣት

መልቲፕል ስክለሮሲስ የሚባለው በሽታ የነርቭን ሽፋን የሚልጥ ነው። የኤሌክትሪክ ሽቦ ፕላስቲኩ ሲላጥ እንደሚሆነው መልእክቱ ይቆራረጣል። በ2020 በተደረገ ቆጠራ በዓለም ላይ 2.8 ሚሊዮን ያህል ሰዎች አሉበት። እንደ እኛ ባለ ለምድር ወገብ በቀረበ አገር ከአውሮፓ ያነሰ ነው፣ ግን አለ። የዚህ የቅርብ ዘመድ የሆነና የዐይንን ነርቭና ኅብለ ሰረሰርን አጥብቆ የሚመታ ኒውሮማየላይትስ ኦፕቲካ የሚባልም አለ። እሱ በአፍሪካና በእስያ የዘር ሐረግ ባላቸው ሰዎች ላይ በርከት ብሎ ይታያል። ቀድሞ ከመልቲፕል ስክለሮሲስ ጋር ይደባለቅ ነበር፤ የሚለየው አንቲቦዲ የተገኘው በ2004 ነው።

በእነዚህ በሽታዎች እንቅልፍ የሚጠፋው በብዙ በር ነው። እግር ሌሊት ይሸማቀቃል፤ ሽንት ደጋግሞ ያስነሣል፤ ሕመም አለ፤ ሐዘን አለ። አንዳንዱ ደግሞ ማታ ጋደም ሲል እግሩን ካላንቀሳቀሰ ዕረፍት አያገኝም፤ ጉንዳን የሚሄድበት ይመስለዋል። ይህ የመጨረሻው በደም ማነስ፣ ማለትም በብረት እጥረትም ይመጣል፤ እርጉዝ ሴቶችም ያውቁታል። መፍትሔው ከመነሻው ይለያያልና ሐኪሙ «እንቅልፍ የለኝም» የሚለውን ብቻ ሳይሆን «የሚቀሰቅሰኝ ምንድን ነው» የሚለውን መስማት አለበት። በነገራችን ላይ ሻይ ከምግብ ጋር ሲጠጣ የምግቡን ብረት ሰውነት እንዳያገኘው ያደርጋል። ሻዩን ከምግብ አንድ ሰዓት ያህል ማራቅ ወጪ የለውም።

መድኃኒቱ ራሱም እንቅልፍ ሊነሳ ይችላል። ለእነዚህ በሽታዎች ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው ፕሬድኒሶሎን ነው። ማታ ከተወሰደ ሌሊቱን ሙሉ ዐይን ሊያፈጥ ይችላል፤ ስለዚህ ሐኪሙ ሌላ ካላለ በቀር ጠዋት ከምግብ ጋር መውሰድ ይመረጣል። ነገር ግን ለሳምንታት ሲወሰድ የቆየውን ፕሬድኒሶሎን «እንቅልፍ ነሳኝ» ብሎ በድንገት ማቆም አደገኛ ነው፤ ሰውነት ራሱን ሊስት ይችላል። የሚቀንሰው ሐኪሙ ነው።

ለወላጆችና ለመምህራን

በክፍል ውስጥ የሚያንቀላፋ ልጅ ሲታይ የተለመደው ማንበርከክ ወይም ማስወጣት ነው። አብዛኛው ልጅ የሚያንቀላፋው በአንድ ክፍል ስምንት ሰው ስለሚተኛ፣ ቁርስ ስላልበላ ወይም ሌሊቱን ታናሹን ሲያባብል ስላደረ ነው። ይህ በሽታ አይደለም፤ ቅጣትም አይገባውም። ነገር ግን ከዚህ ለየት ያሉ ልጆች አሉ።

አንደኛ፣ በደንብ ተኝቶም በየቀኑ የሚያንቀላፋና ሲስቅ ጉልበቱ የሚከዳው ልጅ። ስለ ናርኮሌፕሲ ያልነውን እናስታውስ።

ሁለተኛ፣ ለአፍታ የሚፈዝ ወይም ራሱን የሚነቀንቅ፣ ሲጠሩት የማይሰማ ልጅ። ይህ እንቅልፍ ሳይሆን የሚጥል በሽታ ዓይነት ሊሆን ይችላል። በደቡብ ሱዳንና በሰሜን ዩጋንዳ ብዙ ልጆችን ያጠቃው ራስ የሚያስነቀንቅ በሽታም ላይ ላዩን ማንቀላፋት ይመስላል፤ በ2017 የወጣ ጥናት መነሻው በጥቁር ዝንብ የሚተላለፍ ትል ያስነሣው የመከላከያ ኃይል ስሕተት ሊሆን ይችላል ብሏል። በአገራችን ስለ ሚጥል በሽታ ብዙ የደከሙት ከመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን የነርቭ ሐኪሞች አንዱ የሆኑት ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት ናቸው። በ1980ዎቹ በቡታጅራ ቤት ለቤት በተደረገው ጥናት ከ1,000 ሰው መካከል 5 ያህሉ በሽታው እንዳለባቸው ታውቋል። ጥቂት በሽታ አይደለም ማለት ነው። መድኃኒትም አለው።

ሦስተኛ፣ ጽሕፈቱ በድንገት የተበላሸ፣ እርሳስ ከእጁ የሚወድቅ፣ ፊቱን የሚያጣምም፣ ትከሻውን የሚነቀንቅ ልጅ። «መምህር፣ ያሾፍብኛል» ይባልበታል። በተለይ ከ5 እስከ 15 ዓመት ባሉ ልጆች፣ ይበልጡን በሴቶቹ፣ ከጉሮሮ ሕመም ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ የሚመጣ ሲደናም ኮሪያ የሚባል በሽታ አለ። ጉሮሮን ያሳመመውን ጀርም የተዋጋው ኃይል ተሳስቶ አንጎልን ሲመታ የሚመጣ ነው። አንድ ጥሩ መለያ አለው፦ ልጁ ሲተኛ ያ ሁሉ መወራጨት በአብዛኛው ይጠፋል። እናት ሌሊት ታየው። ይህ በሽታ ከልብ ሕመም ጋር ስለሚያያዝ ልጁ የልብ ምርመራ ያስፈልገዋል፤ ለዓመታትም በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ ይታዘዝለታል። መርፌውን ማቋረጥ ልብን ማስበላት ነው። መከላከያውም ቀላል ነው። ትኩሳት ያለውን የጉሮሮ ሕመም ጤና ጣቢያ ማሳከም እንጂ እንጥል ማስቆረጥ አይደለም። እንጥል መቁረጥ ጀርሙን አይገድለውም፤ ደም መፍሰስንና ኢንፌክሽንን ግን ያመጣል።

አራተኛ፣ እግሩ በድንገት የዛለና መቆም ያቃተው ልጅ። ዕድሜው ከ15 በታች ከሆነ ይህ በፖሊዮ ቁጥጥር ሥርዓት ወዲያው ለጤና ሠራተኛ መነገር ያለበት ነው። በ14 ቀን ውስጥ ሁለት የሰገራ ናሙና፣ በመካከላቸው ቢያንስ 24 ሰዓት ልዩነት ተደርጎ ይወሰዳል። ፖሊዮ ካልሆነም ጊያን ባሬ የሚባለው ሊሆን ይችላል፤ እሱም ከተቅማጥ ወይም ከጉንፋን በኋላ የመከላከያ ኃይሉ ነርቭን ሲመታ የሚመጣ ነው። ከእግር ጀምሮ ወደ ላይ ይወጣል፣ ደረት ሲደርስ ትንፋሽ ያቆማል። «ተኝቶ ይነሣና ይሻለዋል» ተብሎ ማደር የለበትም።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

የነርቭ ሐኪም ማግኘት ቀላል አይደለም። በኢትዮጵያ እንኳ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የነርቭ ሐኪሞችን ማሠልጠን የተጀመረው በ2006 ነው። እዚህ ሐርጌሳ የሕዝቡ ትልቅ ሆስፒታል ግሩፕ ሆስፒታል አለ፤ ወይዘሮ ኤድና አዳን በ2002 የከፈቱት ሆስፒታልም አለ። የትም ብንሄድ ሐኪሙ የሚሰጠን ጊዜ አጭር ነው፤ ቋንቋውም ያስቸግራል። ስለዚህ ተዘጋጅተን እንሂድ።

1. ለ2 ሳምንት የእንቅልፍ ደብተር እንያዝ። የልጅ ደብተር ግማሽ ገጽ ይበቃል። ስንት ሰዓት ተኛሁ፣ ስንት ጊዜ ነቃሁ፣ ምን ቀሰቀሰኝ (ሽንት፣ ሕመም፣ ትንፋሽ፣ ሐሳብ)፣ በቀን መቼ አንቀላፋሁ፣ ቡና፣ ሻይ፣ ጫትና መድኃኒት መቼ ወሰድኩ።

2. ሌሊት የሚሆነውን አብሮ የሚተኛ ሰው ይመልከት። የሚንኮራፋ፣ ትንፋሹ የሚቆራረጥ፣ የሚወራጭ ከሆነ በሞባይል ይቀረጽ። ሐኪሙ ከመቶ ቃል ይልቅ አንድ ደቂቃ ቪዲዮ ይጠቅመዋል። ቪዲዮው ለሐኪም ነው፤ ለጎረቤት አይታይ።

3. የምንወስዳቸውን መድኃኒቶች በሙሉ በፌስታል ይዘን እንሂድ፤ የባህል መድኃኒቱንም ጨምሮ።

4. ሶማሊኛ የሚችል ሰው ይዘን እንሂድ። ካልተገኘ «ሁርዶ» እንቅልፍ፣ «ሁርዶ ላአን» እንቅልፍ ማጣት ማለት ነው። ልጅን አስተርጓሚ ማድረግ ግን ባይሆን ይመረጣል፤ እናት በልጇ አፍ የማትናገረው ሕመም አለ።

5. የእንቅልፍ ክኒን ያለ ሐኪም ትእዛዝ አንግዛ፤ የጎረቤትንም አንዋስ።

6. በየዕለቱ በአንድ ሰዓት እንነሣ፤ ጠዋት ፀሐይ ብርሃን ላይ እንቀመጥ፤ ከቀትር በኋላ ቡናና ጫት እናቁም፤ ሞባይሉን ከመኝታ እናርቅ። ይህ በሽታውን አያድንም፤ ሌሊቱን ግን ያቀለዋል።

ጊዜ ሳይሰጡ ወደ ሆስፒታል መሄድ የሚገባቸው ምልክቶች፦ ጋደም ሲሉ መታፈን፣ ምራቅ ወይም ውኃ መዋጥ አለመቻል፣ ከእግር ወደ ላይ የሚወጣ ድካም፣ ለቀናት ጨርሶ አለመተኛት ከመቃዠት ጋር፣ ትኩሳት ከማጅራት መገተር ጋር፣ በአንድ ዐይን በድንገት አለማየት፣ መንፈራገጥ።

በመጨረሻም

አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። እንቅልፍ ማጣትና ማብዛት ግን ከምንደብቃቸው በሽታዎች ዋነኛው ነው፤ ምክንያቱም በሽታ መሆኑን አናምንም። በቀን የምታንቀላፋ ሚስት «ሥራ ጠላች» ትባላለች፤ ሌሊት የሚባንን አባወራ «ፈሪ» ይባላል፤ ልጅ «ደደብ» ይባላል። የነርቭ በሽታ ያለበት ሰው ከሕመሙ ይልቅ ይህ ስም ይከብደዋል።

የሌሊት አስታማሚዎችንም አንርሳ። ሕመምተኛ ሲባንን አብሮ የሚነሣው ሰው ሳይታመም ይታመማል። ጎረቤት በሳምንት አንድ ሌሊት ቢተካ፣ አንዱ ልጆቹን ይዞ ቢያድር፣ አንዱ ለታክሲ ቢያዋጣ ቀላል ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የተባለው ለዚህ ነው። በየሰፈራችን እድርና ማኅበር አለን፤ ለቀብር የምናዋጣውን ያህል ሰው በሕይወት ሳለ ለሕክምናው ብናዋጣ ብዙ ቀብር ይቀርልናል።

ውድ አንባቢያን፣ ይህን ጽሑፍ አንብባችሁ ማንበብ ለማይችል ጎረቤታችሁ አንብቡለት። ሰላም እደሩ፣ ሰላም ያሳድረን።